ስድስት ጊዜ የተነበበ ሉህ

እንጀራዬ በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ስህተት ፈልጎ ማውጣት ነው። አራሚ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ፊደል ለቃሚዎች የእርሳስ ፊደል በእጃቸው እየለቀሙ በሚደረድሩበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ዛሬ ጽሑፉ በኮምፒውተር ይመጣልኛል። መሣሪያው ሲለወጥ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። አሳታሚው ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ጥራዙ ሳንቲም በሳንቲም ሲከራከር ይቆይና ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ «እትዬ፣ እስቲ ዐይንዎን ጣል ያድርጉበት» ይላል። አራት መቶ ገጽ ላይ እንዴት ነው ዐይን የሚጣለው?

እርማት የሊቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሙያዬ ያደላሁ እንዳይመስል ምስክሮቼን ከሩቅ አመጣለሁ፤ ከስኮትላንድ፣ የላቲንና የግሪክ ሊቃውንት ከማተሚያ ቤት ጠረጴዛ ከማይለዩበት ከ18ኛው መቶ ዘመን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቀድሜ የምወደውን ሰው ላስተዋውቅ። ቶማስ ሩዲማን በ1674 በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ባንፍሻየር ውስጥ፣ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው አበርዲን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ለነጻ ትምህርት ሊወዳደር ወላጆቹ ሳያውቁ ከቤት ወጣ። ምስጢሩን ያወቀችው እኅቱ አንድ የወርቅ ጊኒ ሰጥታ ሸኘችው። መንገድ ላይ ዘራፊዎች ገንዘቡንም ልብሱንም ወሰዱበት። ልጁ አልተመለሰም። እንደዚያው ሆኖ አበርዲን ገባ፤ ተወዳደረ፤ አንደኛ ወጣ።

ተመርቆ ሎረንስከርክ በምትባል የገጠር መንደር አስተማሪ ሆኖ ሳለ፣ በ1699 ገደማ አርቺባልድ ፒትኬርን የሚባል ስመ ጥር የኤድንብራ ሐኪም መንገድ ላይ የአየሩ ክፋት ይዞት እዚያችው መንደር አደረ። ሐኪሙ ራሱ በላቲን ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር። ብቻውን ራት መብላቱ ከብዶት የእንግዳ ማረፊያዋን ባለቤት አብሮት የሚጫወት የተማረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም የመንደሩን አስተማሪ አስጠራችለት። በማግስቱ ሐኪሙ መንገዱን ሲቀጥል ወጣቱን ወደ ኤድንብራ እንዲመጣ፣ እሱም እንደሚረዳው ቃል ገብቶለት ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ባለቤቲቱን አመሰግናለሁ፤ ስሟን ማንም አልመዘገበውም።

ሩዲማን በ1702 በኤድንብራ የጠበቆች ቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆኖ ሲቀጠር የዓመት ደመወዙ 8 ፓውንድ ከ6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነበር። በዚህ ቤተሰብ አይተዳደርም። ስለዚህ ሮበርት ፍሪቤርን ለሚባል አታሚ እርማት ይሠራ ጀመር፤ መጻሕፍትንም በጨረታ ይሸጥ ነበር። የዘመኑ ታላቅ የላቲን ሊቅ የሆነው እንግዲህ እንደ እኔ እየተከፈለው ፕሩፍ፣ ማለትም ለእርማት የወጣ የሙከራ ኅትመት፣ የሚያነብ ሰው ነው።

ምን እንዳነበበ ልንገራችሁ። ጋቪን ዳግላስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው በ1513 የሮማዊውን የቨርጂልን ታላቅ ግጥም፣ ኤኒድን፣ ወደ አገሩ ቋንቋ መልሶ ጨረሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ ንጉሡ ጄምስ አራተኛ በፍሎደን ጦርነት ሞተ፤ አገሪቱ ተተራመሰች። በንጉሡ ፈቃድ በ1507 ኤድንብራ ላይ የተጀመረው የመጀመሪያው የስኮትላንድ ማተሚያም ዕድሜው አጭር ነበርና፣ የዳግላስ ሥራ የታተመው ከአርባ ዓመት በኋላ በ1553፣ ያውም ለንደን ነው። የለንደኑ እትም የስኮትላንድን አነጋገር አበላሽቶት ነበር፤ ከሃይማኖት ጋር የተያያዙ ቦታዎችም ለጊዜው ስሜት እንዲስማሙ ተነካክተው ነበር። ያ የተበላሸ እትም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ብቸኛው የታተመ ቅጂ ሆኖ ኖረ። ሰዎች ዳግላስን እያነበቡ ሲመስላቸው የሚያነቡት የአታሚውን ግድፈት ነበር።

ሩዲማን የታተመውን ከጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጎን አስቀምጦ አስተያየ። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ግራ ዐይን እዚህ፣ ቀኝ ዐይን እዚያ፣ አንገት እስኪደነድን። የታረመው ዳግላስ በ1710 ወጣ። ሩዲማን ግን በዚህ አላበቃም፤ አንባቢ የማያውቃቸውን ያረጁ የስኮትላንድ ቃላት ሁሉ ሰብስቦ ፍቺያቸውን ከነምንጫቸው በመጽሐፉ መጨረሻ አተመ። የሌላን ሰው ግጥም ሲያርም የተዘጋጀው ይህ ሙዳየ ቃላት በስኮትላንድ ቋንቋ ላይ ለተደረገው ጥናት ሁሉ መነሻ ሆነ።

በ1714 ያሳተመው የላቲን ሰዋስው መማሪያ በሕይወት ሳለ ዐሥራ አምስት ጊዜ ታትሟል። በ1715 ከወንድሙ ከዋልተር ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ከዚሁ ቤት፣ ከላቲኑ ጎን፣ በ1721 የአለን ራምሴ ግጥሞች ወጡ፤ ራምሴ የሰው ሠራሽ ጠጉር ሠሪ የነበረ፣ በአገሩ አንደበት የሚገጥም ሰው ነው። ሊቁ የሕዝቡን ቋንቋ አልናቀም። ቆይቶም የወንድሙ ልጅ ባቋቋመው ሳምንታዊ መጽሔት ሮበርት ፈርጉሰን የሚባል ወጣት ገጣሚ ብቅ አለ፤ ሮበርት በርንስ መንገዴን አሳየኝ ብሎ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ያቆመለት ፈርጉሰን ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ለሩዲማን ያለኝን አክብሮት የጨመረው የቡካናን ጉዳይ ነው። ጆርጅ ቡካናን ከሩዲማን መቶ ዓመት አስቀድሞ በመላው አውሮፓ የታወቀ የላቲን ባለቅኔ ነበር፤ የንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ መምህርም እሱ ነው። በ1579 ባሳተመው መጽሐፍ ንጉሥ ከሕዝብ ሥልጣን ይቀበላል፣ ሲበድልም ሕዝብ ሊያወርደው ይችላል ብሎ ጻፈ። ሩዲማን ከዙፋን የወረደው የስቱዋርት ሥርወ መንግሥት ደጋፊ ነበርና ይህ አስተሳሰብ አጥንቱ ድረስ ይቀፈዋል። ሆኖም በ1715 የቡካናንን ሙሉ ሥራዎች በሁለት ትልልቅ ጥራዞች አርሞ ያወጣው እሱ ነው። ያልተስማማበትን በማስታወሻ ጻፈ፤ ዓመቱ ከተሳሳተ ማስረጃውን አቀረበ፤ ሐሳቡ ካላማረውም ተከራከረ። የቡካናን አፍቃሪዎች ተቆጥተው እሱን የሚቃወም ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ። እኔ ግን እትሙን የምመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፦ የሚጠላውን አሳብ ደራሲው በጻፈው ቃል ለአንባቢ አድርሷል። እኔም የማልስማማባቸውን ብዙ መጻሕፍት አርሜያለሁ። የደራሲውን ዐረፍተ ነገር ወደ ራሴ አሳብ ማዘንበል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ ይህን በቀላሉ አላየውም።

የኅትመት ሥራ ዋጋም አስከፍሎታል። ካሌዶኒያን ሜርኩሪ የተባለውን ጋዜጣ ከ1724 ጀምሮ ያትም፣ ከ1729 ጀምሮም በባለቤትነት ይዞት ነበር። ስቱዋርቶችን ወደ ዙፋን ለመመለስ ከተነሣው ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ ጋዜጣውን የሚመራው ልጁ፣ እሱም ቶማስ የሚባለው፣ ከአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ መንግሥትን የሚነካ አንቀጽ ገልብጦ አተምህ ተብሎ ታሰረ። አባት ለምኖ አስፈታው፤ ነገር ግን እስር ቤት የያዘው በሽታ በ1747 ገደለው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ሥራውን ቀጠለ። በ1752 ዐይኑ ደክሞ በ77 ዓመቱ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊነት ሲለቅ ተተኪው ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ሆነ። ዓለም ሂዩምን ያውቀዋል። ሂዩም ገብቶ የእንግሊዝን ታሪክ የጻፈበትን የመጻሕፍት ክምችት ለሃምሳ ዓመት ሲያደራጅ የኖረውን ግን ስንት ሰው ያውቀዋል?

ወደ ግላስጎ ልሻገር። ሮበርትና አንድሩ ፋውሊስ የብቅል ሠሪ ልጆች ናቸው። ሮበርት ፀጉር አስተካካይ ለመሆን እየሠለጠነ ሳለ የፈላስፋውን የፍራንሲስ ሃቺሰንን ትምህርት ይከታተል ነበር፤ መጽሐፍ ነጋዴና አታሚ እንዲሆን ያበረታታውም ሃቺሰን ነው። በ1743 የዩኒቨርሲቲው አታሚ ሆነ። በማግስቱ ዓመት የሮማዊውን ባለቅኔ የሆራስን ሥራ ሲያትሙ የፕሩፉን ሉሆች በኮሌጁ ውስጥ ሰቅለው ስህተት ላገኘ ሁሉ ሽልማት እንደሚሰጡ አስታወቁ ይባላል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነብ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ኋላ የመረመሩት ስድስት ስህተት አገኙበት። ይህ ቁጥር ያጽናናኛል። ከተማ ሙሉ ምሁር አንብቦት ስድስት ካመለጠ፣ አንድ ሰው በሳምንት አንብቦ ምንም አያምልጠው ማለት ፍርድ አይደለም።

ትልቁ ሥራቸው ከ1756 እስከ 1758 በአራት ጥራዝ ያወጡት የሆሜር ግጥም ነው። ፊደሉን የቀረጸላቸው አሌክሳንደር ዊልሰን ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ በ1760 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆኗል። እያንዳንዱ ሉህ ስድስት ጊዜ ተነበበ። ሁለት ጊዜ የማተሚያ ቤቱ አራሚ፣ አንድ ጊዜ አንድሩ ፋውሊስ፣ ከዚያ የግሪክ ፕሮፌሰሩ ጄምስ ሙርና የላቲን ፕሮፌሰሩ ጆርጅ ሙርሄድ ለየብቻቸው፣ በመጨረሻም ሁለቱ አብረው። በቅደም ተከተሉ ላይ ልብ በሉ። ፕሮፌሰሮቹ የሚያነቡት የማተሚያ ቤቱ አራሚ ሁለት ጊዜ ካነጻው በኋላ ነው፤ የእሱም ንባብ ከእነሱ ንባብ እኩል ተቆጥሮ በመጽሐፉ መቅድም ተነግሯል። አንዱ የሌላውን ዐይን ሳይተማመን፣ አንዱም ሌላውን ሳይንቅ።

«እነሱ ገንዘብ ነበራቸው» የሚለኝ አሳታሚ አይጠፋም። አልነበራቸውም። ወንድማማቾቹ በመጨረሻ በዕዳ ተዘፍቀው ሞተዋል፤ ዕዳው ግን የመጣው ሮበርት ካቋቋመው የሥዕል ትምህርት ቤት እንጂ ከእርማት አይደለም። ገንዘብ የነበረውማ ሌላ ዘንድ ነው። ከእነሱ በፊት በ1671 አንድሩ አንደርሰን የሚባል አታሚ በመላው ስኮትላንድ ለአርባ አንድ ዓመት የሚቆይ የንጉሥ አታሚነት መብት አግኝቶ ነበር፤ ሲሞት ሚስቱ አግነስ ካምቤል ወርሳ በብርቱ ያዘችው። እሷ ሀብታም ሆነች፤ ከቤቷ የወጡት መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ በግድፈታቸው ብዛት ስም አተረፉ። የንግድ ብልሃቷን አደንቃለሁ። ግን አንባቢው ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ለእርማት የምትከፍልበት ምክንያት አልነበራትም።

ሊቃውንት ለእርማት የሚቀመጡበት የስኮትላንድ ልማድ እኛንም ነክቶናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ያደረገውን ጉዞ በ1790 ሲያሳትም ብዙዎች ውሸታም አሉት። ከሞተ በኋላ የጉዞ ማስታወሻዎቹንና የያዛቸውን የግዕዝ ጽሑፎች አገላብጦ፣ ሁለተኛውን እትም አርሞና አስፋፍቶ በ1805 ኤድንብራ ላይ ያወጣው አሌክሳንደር መሪ ነው። መሪ የእረኛ ልጅ ነበር፤ ወረቀት በሌለበት ቤት አባቱ በተቃጠለ የቁጥቋጦ እንጨት አሮጌ የሱፍ ማበጠሪያ ሰሌዳ ላይ ፊደል እየጻፈ አስቆጥሮታል። ላቲኑን፣ ግሪኩን፣ ዕብራይስጡን በራሱ ጥረት ተማረ፤ ግዕዝና አማርኛም ጨመረ። በ1811 ከትግራዩ ገዢ ከራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ የተላከውን ደብዳቤ እንግሊዝ አገር ሊተረጉም የቻለው እሱ ሆኖ ተገኘ። ብሩስን የጠቀሰ የእኛ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ የዚህ አራሚ ውለታ አለበት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። መጽሐፍ ስታሳትሙ በርእሱ ገጽ ጀርባ የማተሚያ ቤቱን ስልክና የሽፋን ሠዓሊውን ስም እንደምታትሙት ሁሉ የአራሚውንም ስም አትሙ፤ ስሙ የሚታይ ሰው ሌሊቱን ያነጋል። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የአማርኛና የግዕዝ መምህራን በዓመት አንድ መጽሐፍ እንኳ በፕሩፍ ደረጃ እንዲያነቡ ጋብዟቸው፤ ሙርና ሙርሄድ ፕሮፌሰርነታቸው አላገዳቸውም። በውል ላይም ከወረቀትና ከጥራዝ ዋጋ እኩል አንድ መስመር ለእርማት ይኑር፤ ሒሳቡም ለሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ፕሩፉን ይከተላል።