ቤተ መዘክር ለእንግዳ ብቻ ነውን?

«ሕዝባችን ሐውልትና ቤተ መዘክር መጐብኘት አይወድም» የሚል ቃል በየጊዜው እንሰማለን። ቃሉን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲናገሩትም ጉዳዩ የማይመለከታቸው ይመስል ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው ነው። እኛ ግን ይህን ቃል ሳንመረምር ልናሳልፈው አንችልም። እውነት ከሆነ በአዲስ አበባ አደባባዮች የቆሙት ሐውልቶች ሁሉ ለማንም ያልቆሙ ድንጋዮች ናቸው ማለት ነው፤ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሕዝቡን ያለ ጥፋቱ የሚከስ ሐሜት ነውና ሊታረም ይገባዋል።

ሐሰት ለመሆኑ ሩቅ ሳንሄድ ምስክር አለን። በ1928 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በፋሺስት ጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለከተማው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም በተወሰደ ጊዜ፣ ብዙ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እያዘነ ይመለከት ነበር። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው እስኪመለስም ድረስ «መቼ ይመለሳል?» የሚለው ጥያቄ ከሰው አፍ አልጠፋም። ሐውልት የማይወድ ሕዝብ ሐውልት ሲነሣ ምን ያሳዝነዋል? በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲከፈትም ልጁን በእጁ ይዞ፣ እናቱን ደግፎ የመጣውን ሰው ያየ ሁሉ ይህን ሐሜት ለመድገም ያፍራል። እንግዲያስ ፍቅሩ አለ። የጐደለው የሚያስረዳ ሰው ነው፤ ሊያስረዱ የሚገባቸው ደግሞ እነዚያው ትከሻቸውን የሚሰብቁት ናቸው።

ከእነርሱ መካከል በፓሪስ የሉቭርን፣ በለንደን የብሪታንያን ቤተ መዘክር እግራቸው እስኪዝል የዞሩ አሉ፤ ፎቶግራፉንም ያሳዩናል። አናማቸውም፤ መልካም አደረጉ። ነገር ግን በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያደራጀውን ቤተ መዘክር አይተው እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «ተማሪ ሳለን በሰልፍ ወስደውን ነበር» ይሉናል። በሰልፍ የሄደ ልጅ የሚያየው የፊተኛውን ልጅ ማጅራት ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት በዚያ በር ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ ጐራ አላሉም።

ጐራ ቢሉ ምን ያገኙ ነበር? በመጀመሪያ ግቢው ራሱ መጽሐፍ ነው። ከሕንጻው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚያሻቅብና የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሙሶሊኒን የአገዛዝ ዓመታት በየእርከኑ እንዲቈጥር አድርገው የሠሩት ነው። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን አልፈረሰም። በጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የአንበሳ ምስል ተቀመጠችበትና የጠላት ቈጠራ የእኛ መቀለጃ ሆነ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ለማስረዳት ብዙ ቀለም ይፈጃል፤ ለሚያይ ሰው ግን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዕቃው የተደረደረው በየብሔረሰቡ ወይም በየክፍለ ሀገሩ ተለያይቶ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ሥርዓት ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተጀምሮ በጉልምስናና በሥራ በኩል አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ድረስ ይሄዳል። የአንዱ አገር የሕፃን ማዘያ ከሌላው አገር ማዘያ አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። ስለ አንድነታችን በየስብሰባው ብዙ ቃል ለሚያባክኑ ሰዎች ይህን ቤት እንዲያዩ እንመክራለን፤ ንግግራቸው ቢያንስ ያጥር ነበር።

ከዚያው ግቢ በር ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ በዙሪያው ያሉት የነሐስ ቅርጾች ያሳያሉ። ሠሪዎቹ አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፤ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ የቆመችውን ባለ ፈረሷን የሰላም ሐውልት የሠራውም ይኸው አውጉስቲንቺች ነው። እንግዲህ በዓለም አደባባይ የተመሰገነ እጅ የእኛን ሙታን በነሐስ ቀርጾልናል። ስንት ዘመን ሙሉ አባት ልጁን አንበሳ ሊያሳይ ወደ ስድስት ኪሎ ሲያመጣ፣ በዚህ ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ «ሐውልት ነው» ብሎ መልሷል! አባትየውን ከመውቀሳችን በፊት ግን ሐውልቱ እግር ሥር ሄደን እንመልከት፤ የቀራፂዎቹን ስምና የእያንዳንዱን ቅርጽ ትርጕም የሚያስረዳ ግልጽ ጽሑፍ ለአላፊ አግዳሚው ማቆም ምን ያህል ወጪ ይጠይቅ ነበር? በለገሃር የቆመውን፣ በወረራው ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረውንና ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፍ የመዘዘበትን አንበሳ፣ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው ከፈረንሳዊው ከሞሪስ ካልካ አንበሳ ጋር እያምታቱ የሚያወሩ የከተማው ተወላጆች ብዙ ናቸው። አንዱ ተማርኮ የተመለሰ፣ ሌላው ከቦታው ያልተነቃነቀ ነው፤ ለሁለቱም ግን ሰው የሚሰጣቸው ሥራ የቀጠሮ ቦታነት ነው።

የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ማንሣት ደግሞ ግዴታችን ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ አፍሪካ ከባርነት ወደ ነጻነት የተጓዘችበትን መንገድ በሦስት ክፍል ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። አንዳንዱ «እንደዚያ ያለ ቦታ ለእኛ አይደለም» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይከለክላል፤ ጠይቆና ተመዝግቦ የተመለሰ ቢሆን ኖሮ አቤቱታውን በደስታ አብረነው በጻፍን ነበር።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ «ያለፈው መንግሥት ያቆመውን ለምን እናያለን?» የሚል። የዚህ ዓይነቱ ሰው ዓይን በየዘመኑ ይጠባል። ሌኒን በ1983 ዓ.ም. ከቆመበት ወረደ፤ መውረዱ የዚያ ቀን ሰው ስሜት ነበርና አንከራከርበትም። ነገር ግን በቸርችል ጐዳና በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ እርዳታ የተሠራውን የትግላችንን ሐውልት የማይወድ ሰው ቀርቦ ይየው፤ የማይወደውን ነገር በዝርዝር ይወቀው። ከዚያም ወደ መስቀል አደባባይ ወርዶ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ይግባና ያነጻጽር። አንድ መንግሥት በአደባባይ ስለ ራሱ ያወራውንና እናቶች ስለ ልጆቻቸው የመሰከሩትን በአንድ ቀን በእግር ሄዶ ማየት የሚቻልባት ከተማ ናት፤ ይህን ዕድል በጥላቻ ማባከን ሞኝነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የከተማይቱ የገዛ ታሪኳ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር በራስ ብሩ ቤት ቤተ መዘክር ተቋቋመላት። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዘውድና ጐራዴ ግን ከተማን ብቻቸውን አይናገሩም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የጉለሌ ሸክላ ሠሪ፣ የመርካቶ ነጋዴ፣ የአራዳ ዘበኛ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ታሪካቸው የት ተቀመጠ? በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የፈረሱት አሮጌ ቤቶች የግድግዳቸው ፎቶግራፍ በማን እጅ ይገኛል? ከተማ መታደሷን አንቃወምም፤ ጭቃ ቤት ውስጥ ዝናብ እየወረደበት የኖረን ሰው «ለታሪክ ስትል እዚያው ቈይ» የሚል ጸሐፊ አንድ ሌሊት ይደርበት። የምንቃወመው ቤቱ ሳይመዘገብ መፍረሱን ነው። ነዋሪው ወደ አዲሱ ሰፈር ሲጫን የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የአያቱ የቤት ካርታ በሣጥን ግርጌ ይሄዳል፤ ሣጥኑ ሲያረጅ አብሮ ይጣላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ለአንድ ሰፈር የመፍረስ ማስታወቂያ በወጣ ቀን ከመሐንዲሱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አንሺና አንድ ጸሐፊ ከከተማው ቤተ መዘክር ይላኩ። ሽማግሌዎቹን ያነጋግሩ፤ ፎቶግራፉን ገልብጠው ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሱ። ቤቱን ማን ሠራው፣ በምን ዘመን፣ ጓሮው ውስጥ የነበረውን ዛፍ ማን ተከለው፣ ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር፣ የማዕዘኑ ዳቦ ቤት ስንት ሰዓት ላይ ይከፈት ነበር ብለው ይጻፉ።