የአንጎል ፎቶ የአእምሮ ፎቶ አይደለም

መቼም ቋንቋችን በዚህ በኩል ንፉግ አይደለም። አንጎል ሌላ፣ አእምሮ ሌላ ነው። አንጎል የበግም ይሁን የሰው ሥጋ ነው፤ ይመዘናል፣ ይቆረጣል። አእምሮ ግን ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። የውጭ የሳይንስ ዜና እየተረጎሙ የሚያቀርቡልን የሙያ ባልደረቦቼ ሁለቱን መደባለቅ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት የጭንቅላት ምስል ያወጡና ከሥሩ «የትዝታ መቀመጫ ተገኘ»፣ «ሰው ሲናገር አእምሮው ፎቶ ተነሣ» ብለው ይጽፋሉ። እኔ በበኩሌ ይህ አንባቢን ማታለል ነው እላለሁ።

ለመሆኑ መሣሪያው የሚያየው ምንድን ነው? ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መንገዱን የጠረጉለት ይህ የኤም.አር.አይ. ዘዴ ቃልም ሐሳብም አያይም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲለዋወጥ የሚፈጠረውን የመግነጢስ ለውጥ ነው። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ ደም ይጎርፍላቸዋል፤ ጎርፉ የሚሞላው ግን ከአምስት ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ የመርካቶ ደላላ ስንት ቃል እንደሚያወርድ አንባቢ ራሱ ይገምት! ቀለሙም ቢሆን ከአንጎል የወጣ አይደለም። በኮምፒዩተር ተሰልቶ «ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የተባለበት ቦታ ላይ የተቀባ ነው።

ስሌቱ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል አሜሪካዊው ተመራማሪ ክሬግ ቤኔትና ጓደኞቹ በ2009 አሳይተዋል። የሞተ ሳልመን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስተኙና የሰዎች ፎቶግራፍ እያሳዩ «እነዚህ ሰዎች ምን ይሰማቸዋል?» ብለው ጠየቁት። የዓሣው አንጎል በራ! በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች አንድ በአንድ ሲፈተሹ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መብራታቸው አይቀርም። ተገቢው እርማት ሲደረግ ብርሃኑ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ይህን እርማት ሳያደርጉ የታተሙ ጥናቶች ግን ጥቂት አልነበሩም።

ስለ ትዝታ ትልቁን ነገር ያወቅነውም ከፎቶ አይደለም። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል የሚጥል በሽታ ያለበት አሜሪካዊ በ1953 ሂፖካምፐስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ብዙው በቀዶ ጥገና ወጣለት። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር አጠገቡ ተቀምጣ፣ እርሳስ አስይዛ፣ በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ ዳር ዳሩን እንዲከተል አደረገችው። ከቀን ወደ ቀን እጁ ተካነ፤ እርሱ ግን ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ አያስታውስም። ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ የታየው እንዲህ በወረቀትና በእርሳስ፣ በጥያቄና በትዕግሥት ነው። የአንጎሉ የኤም.አር.አይ. ጥናት በ1997 ሲታተም የተወሰደው ሥጋ ሐኪሙ ከገመተው ማነሱን አሳየ። ፎቶው ቦታ በማሳየት ረገድ ውለታ አለው፤ ዕጢ ሊያወጣ የተዘጋጀ ሐኪምም የበሽተኛው ንግግር በየት በኩል እንዳለ ይጠይቀዋል። ይህን የሚክድ የለም።

ወደ ቋንቋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። «አልነገርኳትም» እንበል። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አለመሆኑም ጭምር በአንዲት ቃል ታጭቋል፤ እንግሊዝኛ አራት ቃል ይፈልግበታል። ዘመን ሙሉ መሣሪያው ውስጥ ሲተኙ የኖሩት ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛና የጥቂት አውሮፓ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ናቸው። በ2022 የኤቭሊና ፌዶሬንኮ ቡድን 45 ቋንቋዎችን ፈትኖ ተመሳሳይ የአንጎል ክፍሎች እንደሚሠሩ አሳይቷል። ደግ ሥራ ነው። ከየቋንቋው የተፈተነው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ነበር። ቦታው አንድ ነው ማለትም «አልነገርኳትም» እዚያ ውስጥ እንዴት ተፈትታ እንዴት እንደምትገጠም ነገረን ማለት አይደለም። ሰምና ወርቁንማ ተዉት።

ስለዚህ ምስሉን የሚያወጣ አዘጋጅ ከሥሩ ሦስት ነገር ይጻፍልን፦ ስንት ሰው ተፈተነ፣ በምን ቋንቋ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ። ቦታ አነሰኝ የሚል ካለ ምስሉን ያሳንሰው።