ስለ ሩጫና ስለ እንቅልፍ

በረዥም ሩጫ ሰውነቱን ለማጽናት የሚሻ ሠራተኛ አስቀድሞ የእንቅልፉን ሰዓት ይቍጠር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ድል ያደረገው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ልምምዱንም ከሥራው ጋራ አስማምቶ ይዞ ነበር። ጡንቻ በሩጫ ይደክማል፤ ተጠግኖ የሚበረታው ግን በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሰውም በየሌሊቱ ከ7 ሰዓት የማያንስ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንግዲህ እስከ እኩለ ሌሊት በመዝገብ ላይ አቀርቅሮ ያመሸ ሹም፣ ዶሮ ሲጮኽ ለሩጫ ቢነሣ፣ ብርታት እገዛለሁ ሲል ጤናውን ይሸጣል። እንዲህ ባለው ቀን ሩጫው ይቅር፤ በሳምንትም አንዱ ቀን ፍጹም የዕረፍት ይሁን። የቤት እመቤትም ራቱን አስቀድማ ብታቀርብ፣ መብራቱም በጊዜው ቢጠፋ መልካም ነው፤ እያንቀላፉ የሰሙት የድኻ አቤቱታ ፍርዱ ይጓደላልና።