የታጠበ ሞተር አይሸጥልን!

ደላላው ኮፈኑን ብድግ አድርጎ «ይኸው፣ እንደ መስታወት!» ሲለን ዓይናችን ይበራል። ኧረ ቆይ፣ ምኑ ነው የሚያስደስተን? ሃያ ዓመት የሠራ ሞተር የሚያብለጨልጭበት ምክንያት ከሁለት አያልፍም፦ ወይ ባለቤቱ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ሰው ነው፣ ወይ ሞተሩ ትናንት ማታ ታጥቧል። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ደግሞ መኪናውን በቀላሉ አይሸጥም።

ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ማርሚታዋ የሚያጓራ ስፖርት መኪና የብዙ እኩዮቻችን ሕልም ናት። ሕልሙ ግን ከአሮጌ መኪና አያልፍም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። እናም ቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዕቁብ ጥለን፣ ከቤተሰብ ተበድረን የምንገዛው እሱን ነው፤ ከሥሩ ከሚንጠባጠበው ዘይት ጋር።

አቋማችንን ከአሁኑ እንናገር። መኪና ዘይት ማፍሰሱ ነውር አይደለም። ጋስኬትና ሲል ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ እርጅና ነው። ነውሩ ሁለት ነው፦ መደበቅና ሳይመረምሩ መፍረድ።

ለፍርዱ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በዓለም ዙሪያ የስፖርት መኪና ወዳጆች የሚያውቁት አንድ አመል አላት። ከሞተሩ ኋላ፣ ቴስታታው ጫፍ ላይ ባለው የካምሻፍት ሴንሰር ውስጥ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት ስትደርቅ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ ይንጠባጠባል። ከሥር የሚያይ ሰው «የክራንክሻፍቱ ሲል ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ካምቢዮው ይወርዳል፣ ሲሉ ይቀየራል፣ ብሩ ይከፈላል፤ በሳምንቱ ዘይቱ እንደገና ይንጠባጠባል። ጥፋተኛዋ ቀለበት ግን ከላይ ተቀምጣ ታያለች!

ትምህርቱ ለሁሉም መኪና ይሠራል። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ ስንነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ሳይሆን እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ ካያችሁ የሞተር ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ጠርጥሩ። ከዚያ ሞተሩን አሳጥቡ፣ ጥቂት ቀን ንዱት፣ መልሳችሁ እዩ።

አዎ፣ አሳጥቡ ነው ያልነው። ያው እጥበት በሐቀኛ መካኒክ እጅ ምርመራ ነው፣ በሻጭ እጅ ግን ማስረጃ ማጥፊያ።

ሲሊከን መለጠፍ ይብቃ። ከመጠን በላይ የተቀባ ሲሊከን ተቆርጦ ወደ ውስጥ ሲገባ ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍናል። ብሎን አጥብቆ ማሰርም ክዳኑን ያጣምማል እንጂ የደረቀ ጋስኬት አያድስም። «ፍሳሽ ያቆማል» ተብሎ የሚጨመረው ፈሳሽ የደረቀውን ጎማ ለጊዜው ያብጠው ይሆናል፤ የተቀደደውን አይሰፋውም። ይልቅ ከሁሉም በፊት የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ መደፈን አለመደፈኑን አስመርምሩ። እሱ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ዘይቱን በየሲሉ ገፍቶ ያስወጣል።

«ጠብታ ናት፣ ምን ታመጣለች?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ሞተሩ ወደ ጎን በተኛ እንደ ሱባሩ ባለ መኪና ከቴስታታው ክዳን የሚወርደው ዘይት የሚያርፈው በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ነው። በመጀመሪያ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ ጭስ፤ ሲብስ እሳት ያስነሳል። ዘይት የጎደለው ስፖርት መኪና ደግሞ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ያኔ ብሮንዚኑ ይበላል፣ ሞተሩም ይሄዳል። የዘይት መብራት ከበራ «ቤት እስክንደርስ» አይባልም፤ ወዲያው ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ።

ሻጩም ኑሮ አለበት፣ እውነቱን ቢናገር ዋጋው ይወርድበታል የሚል ክርክር እንሰማለን። ይውረድበታ! የሚወርደው የጋስኬትና የእጅ ዋጋ ያህል ነው። ሲደብቀው ግን ዕዳው የሚወርደው የሦስትና የአራት ዓመት ቁጠባውን ባስረከበ ወጣት ጫንቃ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይጠይቃል። እኛ ግን ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ቃል አስገብተን እንፈርማለን፤ በኋላ ለቅሶ።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ሻጮች፣ ዘይት ካፈሰሰ ከየት እንደሚያፈስ ተናገሩ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። ገዢዎች፣ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ከሥር ይታይ፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ እንደገና ይታይ። «አይቻልም» ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ጋራዦችም የቀየራችሁትን ዘይት ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ መጨረሻው ወንዛችን ነው።

እንዲያውም ትንሽ ያደፈ ሞተር ያሳዩን። ቢያንስ እሱ አይዋሽም።