ኪቦርዱን ልሽጠው ወይስ ይቆይ?

እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር «ከዓመቱ አዳዲስ አልበሞች አንተ የወደድከው የቱን ነው?» የሚሉ ደብዳቤዎች ይደርሱኛል። እኔም እንደ አቅሚቲ እመልሳለሁ። ሰሞኑን የደረሰኝ አንዱ ግን ለየት ይላል።

ጸሐፊው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው (ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም)። ማታ ማታ ምሽት ቤት ኪቦርድ ይጫወታል። ሦስት ዓመት አብራው የቆየችው ፍቅረኛው «ወይ ኪቦርዱን ሸጠህ የቀን ሥራ ያዝ፣ ወይ እኔን እርሳኝ» ብላዋለች። ገዢም ተገኝቷል። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «እስከ ዛሬ ከመረጥካቸው የዓመት አልበሞች አሁንም የምትሰማቸው አሉ? ወይስ ዓመቱ ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎችህ ሁለት መሰሉህ እንጂ ለእኔ አንድ ናቸው። ምክንያቱን ልንገርህ።

በ2010 ዓ.ም. እኔም ኪቦርዴን ሸጫለሁ። የሦስት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቅሞብኝ፣ የምንጫወትበት ቤት ባለቤትም ደመወዛችንን ዛሬ ነገ እያለን መርካቶ ወስጄ በግማሽ ዋጋ ጣልኩት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጣቶቼ ሳላውቀው ጉልበቴ ላይ ይጫወታሉ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። እናም የዚያን ዓመት አዳዲስ አልበሞች የሰማኋቸው መሣሪያ እንደሌለው ሰው ሆኜ ነው። ዛሬም ድረስ የምሰማቸው እነሱን ነው።

አንዱ የሮፍናን «ነጸብራቅ» ነው። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ተናደድኩ። አንድ ዲጄ ኮምፒውተሩን ይዞ እንዲህ ከሠራ እኛን የባንድ ልጆች ምን ሊውጠን ነው አልኩ። ቅናት ነው እንጂ ሌላ አይደለም! በሳምንቱ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት እግሬ ከእኔ ቀድሞ መታ። ምቱ የፈረንጅ ዳንስ ቤት ይመስላል፣ ዜማው ግን የሰፈር ልጅ ነው። የቤቲ ጂ «ወገግታ»ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ድምጿን ሳታስጨንቅ የምትዘፍንበትን መንገድ ወድጄዋለሁ። አንድ ሁለት ዘፈን ቢቀነስለት ግን ደስ ባለኝ።

ያንበረከከኝ ሦስተኛው ነው፤ የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ»። በየካቲት 2010 ወጣ።

ኃይሉ መርጊያ ማለት እኮ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። እነ አባቶቻችን ሂልተን ሆቴል ያጨበጨቡለት! እንደ ፈረንጆቹ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያስ? ከዚያማ ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ነው፣ ለዓመታት። ታዲያ ኪቦርዱ ከመኪናው ኮፈን አይወርድም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ እዚያው መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና ታተመ። ሰውየው መድረክ ላይ ተመለሰ። «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር።

አልበሙ ስድስት ሙዚቃ ብቻ ነው። ከበሮና ቤዝ የያዙለት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለውን «ትዝታ» በአኮርዲዮን ሲስበው፣ ባዶው ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። በቃ፣ ምን ልበልህ!

መቼም «ካሴቱ ባይገኝስ?» ትለኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ሁሉ ሰው ኃይሉ መርጊያ አይሆንም። እኔን የነካኝ ግን መገኘቱ አይደለም። መኪናው ውስጥ ሲለማመድ ማንም ፈልጎት አልመጣም ነበር፤ ከልምምዱ በኋላም የሚጠብቀው ተሳፋሪ ነው። ታክሲውንም ነድቷል፣ ጣቶቹንም አላስተኛቸውም።

እኔ ሌላ ኪቦርድ የገዛሁት ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፣ በሸጥኩበት እጥፍ ዋጋ። ግራ እጄ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይዘገይብኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ፍቅረኛህን ግን ጠላት አታድርጋት። ከአንተ ጋር ቤት መሥራት የምትፈልግ ልጅ ስለ ኪራይ ብታስብ ምኑ ነውር ነው? የቀን ሥራውን ፈልግ፤ የመጀመሪያዋን ደመወዝ አምጥተህ አሳያት፤ ኪቦርዱ አልጋ ሥር ይቆይ። ስለ ጥበብ ምናምን ንግግር አታድርግላት። ይልቅ አንድ እሑድ አጠገብህ አስቀምጠህ የአልበሙን መጨረሻ «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን አሰማት፤ ፒያኖ ብቻ ነው። ከዚያ አንተም ተጫወትላት። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ለእሷ ብቻ ተጫውተህላታል? በደብዳቤህ አንድም ቦታ አላየሁትም።

የምትበላው አጥተህ ከሆነ ሽጠው፤ እኔ ሸጬ አንተን ልወቅስህ አልችልም። ካልሆነ ግን ገዢውን እስከ መስቀል ታገሰኝ በለው። ስንት እንደሰጠህም ጻፍልኝ፤ እንደ ድሮዬ በግማሽ ዋጋ ከሆነ ለእሱ አትሽጥለት፣ ተጨማሪ ኪቦርድ የምፈልግ እኔ አለሁ።