ለአዲስ ምርት አስቀድሞ ሸማቹን ስለ ማወቅ

አዲስ ዘር ወይም አዲስ የእርሻ መሣሪያ በመጣ ጊዜ፣ በየአገሩ ያለ ሹምና ባለመሬት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይበቅላልን? ይሠራልን?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። «ማን ይገዛዋል? እስከ ዛሬስ በዚህ ፈንታ ገንዘቡን ለምን ያወጣ ነበር?» ተብሎ ካልተመረመረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነገር ምስክር አዲስ አበባ ናት። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ እየተቆረጠ አለቀና በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጅግ ተቸገረች፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ችግሩን አቃለለ፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም፤ ለምሰሶና ለማገርም ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱም የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ አደረጉ። ይሁን እንጂ ዛፉን ያስፋፋው ይህ ብቻ አይደለም፤ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አምስት ኪሎና እስከ አራዳ ምድጃው እንጨት የማይሻ ቤት አልነበረምና፣ ሸማቹ ከዛፉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በ1905 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል ስለ ተባለ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ ቅጠሉ ለሐር ትል መኖ የሚሆን ዛፍ እንዲተካ ታዘዘ፤ ነገር ግን እንደ ታሰበው አልተፈጸመም። የውሃው ስጋት ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የዚያ ቅጠል ዋጋ የሐር ትል አርቢ፣ ፈታይና ነጋዴ ባለበት ብቻ ነው፤ ምድጃውም ቅጠል ሳይሆን እንጨት ይሻል።

ዛሬም በአምስት ኪሎ ወጣቶች ምሕንድስና ይማራሉ። ከዚያም ሆነ ከሌላ ስፍራ ለገበሬው አዲስ መሣሪያ ቢቀርብ፣ ሹሙ በሦስት ነገር ሊመዝነው ይገባል። አንደኛ፣ ገበሬው ያለ መሣሪያው ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚያወጣ ይወቅ። ሁለተኛ፣ «መልካም ነው» የሚለውን ሳይሆን ቀብድ የሚሰጠውን ይቁጠር፤ ምስጋና ወጪ የለውምና። ሦስተኛ፣ ጥቂቱ ለአንድ ቀበሌ ተሰጥቶ እስከ አንድ መኸር ይታይ፤ ሲሰበር የሚጠግነው ባለሙያ በአቅራቢያው መኖሩም ይመርመር።

በዚህ ፈተና የወደቀ ሐሳብ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ሳይመረመር በአገር ሁሉ የተበተነ ግን የገበሬውን ገንዘብና እምነት ይዞ ይጠፋል፤ ገንዘቡ ሊተካ ይችላል፣ እምነቱ ግን በሌላ ጊዜ እውነተኛ ጥቅም ያለው ነገር ሲቀርብለት እንኳ በቶሎ አይመለስም።