ካርታ በቃል አይጠናም



ውድ ተማሪዎችና የተከበራችሁ ወላጆች! ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጂኦግራፊን እንደ ታሪክ ያጠኑታል። ስለ አየር ንብረትና ስለ ሕዝብ ብዛት የተጻፈውን ይሸመድዳሉ፤ የካርታ ንባብ ላይ ሲደርሱ ግን «ይህ ሒሳብ ነው» ብለው ይዘሉታል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እያንዳንዱ ነጥብ በሚቆጠርበት ፈተና ይህን ምዕራፍ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። ካርታ በቃል አይጠናም፤ በእጅ ይለመዳል። ለዚህም ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ ክርና እርሳስ ይበቃሉ።

ካርታ ስትዘረጉ በመጀመሪያ የሰሜኑን ቀስት ፈልጉ። ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው ማለት አይደለም። አል-ኢድሪሲ በ1154 እ.ኤ.አ. ለሲሲሊው ንጉሥ ያዘጋጀው ዝነኛ የዓለም ካርታ ደቡብን ወደ ላይ ያደረገ ነበር።

ቀጥሎ ስኬሉን አንብቡ። ስኬሉ 1፡50,000 ከሆነ በካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። 8 ሳንቲ ሜትር ብትለኩ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ክሩን በመንገዱ ላይ አስኪዱና ክሩን በማስመሪያ ለኩት። ካርታው ወደ 1፡100,000 ቢቀየር በካርታው ላይ ርዝመቱ ግማሽ ይሆናል፤ የቦታው ስፋት ግን ሩብ እንጂ ግማሽ አይሆንም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የኮንቱር መስመሮች ሲቀራረቡ ቦታው ዳገታማ፣ ሲራራቁ ደልዳላ ነው። ግራዲየንት ስትሠሩ የከፍታውን ልዩነት ለአግድም ርቀቱ አካፍሉ፤ አስቀድማችሁ ግን ሁለቱንም ወደ ሜትር ለውጡ። በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200 ሜትር ከፍ የሚል ቦታ ግራዲየንቱ 1፡20 ነው።

ቤሪንግ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር የሚለካ ማዕዘን ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በጥያቄው ውስጥ «ፍሮም» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ፕሮትራክተሩ የሚቀመጠው ከዚያ ቃል ቀጥሎ በተጠቀሰው ቦታ ላይ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ መልሱን በ180 ዲግሪ ይስተዋል።

ለቤት ውስጥ መለማመጃ የሚሆን አንድ ጥያቄ እነሆ፦ ቂብላ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማና ከሐረር በስንት ዲግሪ ነው? አትላስ ዘርግታችሁ ለኩ። ከአዲስ አበባ 5፣ ከጅማ 12፣ ከሐረር ደግሞ 350 ዲግሪ ገደማ ታገኛላችሁ። መካ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አጠገብ ስለሆነች አዲስ አበባና ጅማ ከእርሷ ወደ ምዕራብ፣ ሐረር ግን ወደ ምሥራቅ ይገኛሉ። ልዩነቱም የመጣው ከዚህ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን፣ በተለይም የቤት ሥራ የሚበዛባቸውን ሴቶች ልጆቻችሁን፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ጊዜ ለጥናት ልቀቁላቸው። በየቀኑ አንድ የካርታ ጥያቄ በእጁ የሠራ ተማሪ የፈተናው ካርታ እንግዳ አይሆንበትም። አላህ ይርዳችሁ።